የአክስቴ ጉርሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ድንች በላጥሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። እኛ ቤት ደግሞ ድንች ሳይላጥ የሚውልበት ቀን የለም።

ምክንያቱ ትንሹ ወንድሜ ኑሩ ነው። ሽሮ ከቀመሰ ከንፈሩ ያብጣል፣ ገላው በሽፍታ ይሞላል፣ ደረቱ ሲር ሲር ይላል። አንድ ቀን ትንፋሹ ሊቆም ሲል ለጥቂት ሐኪም ቤት አደረስነው። ሐኪሙ፣ "ሽምብራ አይስማማውም፤ አለርጂ ነው። ባቄላውንም አተሩንም ለጊዜው ተዉት" አለ። እስቲ አስቡት፣ ደሴ ላይ ሽሮ የማይገባበት ቤት!

እማዬ ለአንድ ልጅ ብቻ ሌላ ድስት መጣድ ማገዶ መፍጀት ነው ብላ ሁላችንንም ሥራ ሥር አበላችን። ጠዋት ቅቅል ድንች፣ ምሳ የድንች አልጫ፣ ማታ ድንች በቀይ ሥርና በካሮት። ሌላው ልጅ ቆሎ ይዞ ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔ የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዤ እሄዳለሁ። የሰፈራችን የሆጤ ልጆች "ድንቾ!" የሚል ስም አወጡልኝ። ኑሩ ግን ወዛ፣ ጉንጩ ሞላ።

ስኳር ድንቹን የሚያመጡልን የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ፣ ሐርቡ የሚኖሩት እቴቴ ዘሃራ ናቸው። አባባ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ስለሚሠራ ወደ ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እቴቴ አንዳንድ ቅዳሜ ኮምቦልቻ መነኸሪያ ይጠብቁትና ከረጢታቸውን አሸክመውት አብረው ወደ ደሴ ይወጣሉ። ልጅ አልወለዱም። ኑሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ሲያጎርሱት ራሳቸው መብላታቸውን ይረሱታል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እቴቴ ዘሃራ በመጡ ቁጥር ኑሩ ያብጣል።

መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልን። ሲደጋገም እርስ በርስ መተያየት ጀመርን። ጎረቤታችን እትዬ የሺ ያበጠውን ልጅ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"አንቺ፣ የመካን ዓይን እኮ ልጅ አያሳድግም።"

"ተይ እንጂ የሺ፣ የአባቱ እህት ናቸው" አለች እማዬ።

"ቢሆኑስ! ዓይን ዘመድ ያውቃል?"

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን እማዬ እቴቴን በሌሉበት "እሳቸው" ማለቷን ትታ "እሷ" ማለት ጀመረች።

እኔ በዓይን አላምንም፤ ሳይንስ ተምሬያለሁ። እጅን ግን ጠረጠርሁ። ሽምብራ በነካ እጃቸው ቢያጎርሱትስ? ከረጢታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ቢኖርስ? በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደ ኬላ ፈታሽ ሆንሁ። ከረጢቱን ፈትቼ እስከ ታች በረበርሁት፤ ስኳር ድንች ብቻ። ነጠላቸውን ላጥፍልዎ ብዬ የጫፉን ቋጠሮ ዳበስሁት፤ የመሳፈሪያ ሳንቲም። እጃቸውን በሳሙና ካስታጠብሁ በኋላ እንደገና አስታጠብኋቸው።

"ምነው የኔ ልጅ፣ ሬሳ ነካሁ እንዴ?" ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔን ከጣታቸው አልነቀልሁም። ከፊታቸው ካለው ከእማዬ የድንች ቀይ ወጥ ጠቅልለው አጎረሱት። ገበታው ሳይነሳ የኑሩ ከንፈር አበጠ፣ ደረቱ ሲር አለ። ሰዓት እላፊ ሊገባ ጥቂት ቀርቶት አባባ ልጁን አቅፎ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠ። እቴቴ ወጥ በነካው እጃቸው በሩን ይዘው "ያረቢ! ያረቢ!" ይላሉ። እማዬ ዞራም አላየቻቸው። ጠዋት ስንነሳ ሄደዋል።

ኑሩ ተረፈ፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬ ግን አባባን፣ "እዚያው ኮምቦልቻ አግኛት። እሷ እዚህ ቤት ከገባች እኔ ልጄን ይዤ እወጣለሁ" አለችው። አባባ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲመጣ ብቻውን ነው።

ሰንበትበት ብሎ በርበሬ አለቀና እማዬ ወፍጮ ቤት ላከችኝ። ከፊቴ አንዲት ሴት ሽሮ ታስፈጫለች። እሷ እንደ ጨረሰች የኔ በርበሬ ተገለበጠ። መጀመሪያ የወጣው ዱቄት ግን ቢጫ ነው። እየቆየ ነው ቀይ የሆነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልሁት ወፍጮውን የሚያስኬደውን ሰውዬ።

"የፊተኛዋ ሽሮ ነዋ! በርበሬና ሽሮ የሚፈጨው እዚሁ ነው። ምን አስከፋሽ? ወጥሽን ያወፍርልሻል!"

ወላሂ፣ እዚያው ቆሜ ራሴን ያዝሁ። እኛ ለራሳችን የምንበላው አልጫ ነው። እንግዳ ሲመጣ ግን፣ ያውም የባል እህት፣ አልጫ ማቅረብ ነውር ነው ብላ እማዬ ቀይ ወጥ ትሠራለች። ለኑሩ ያቃጥለዋል ብለን አልጫውን እንለይለታለን፤ እቴቴ ደግሞ ከፊታቸው ካለው ከቀዩ ያጎርሱታል!

ቤት ገብቼ ስነግራት እማዬ አላመነችኝም። እስቲ እንሞክረው ብለን ዛላ በርበሬ አመጣንና እያስነጠስን፣ እያለቀስን በራሳችን ሙቀጫ ወቀጥነው። ቅዳሜ አባባ ሲመጣ፣ ገና በፀሐይ፣ ድንቹን በዚያ በርበሬ ሠራነው። እማዬ ጣቷን ነክራ ኑሩን አላሰችው። አባባ ጫማውን አስሮ በሩ ላይ ቆሟል።

ኑሩ "አቃጠለኝ!" ብሎ ጮኸ። ውኃ ጠጣ። ከዚያ ተጨማሪ ድንች ጠየቀ። እስኪመሽ ጠበቅነው፤ ምንም የለም።

እማዬ ድስቱን ከደነችና፣ "እሳቸውን አምጧቸው" አለች።

ለካ እቴቴ የኑሩን ደህንነት ለመጠየቅ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምቦልቻ መነኸሪያ ድረስ እየመጡ ከአባባ ጋር ይገናኙ ኖሯል። በሳምንቱ እኔም ወርጄ ጠበቅኋቸው። ስለ ወፍጮው ሁሉንም ነገርኋቸው።

"እኔስ ስኳር ድንቼን ነበር የጠረጠርሁት" አሉ። "ጠዋትም ማታም እሱን ብቻ በላሁ። ሆዴን ነፋኝ እንጂ ፊቴን አላሳበጠኝም። እንግዲያው እጄ ነው ብዬ..." መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

ቤት ስንደርስ እማዬ ቀዩን ወጥ አቅርባ ዓይናቸውን ማየት አቃታት። እቴቴ ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት።

"ለኔም ከልጁ አልጫ ስጭኝ። እንግዳ ነኝ እንዴ?"

እማዬ አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፤ በርበሬው ነው አልሁ።

እትዬ የሺ እስካሁን "ደሞ በርበሬ ልጅ ያሳብጣል?" ትላለች። ትበል። እኔ የቅዳሜን መድረስ በጉጉት ነው የምጠብቀው። ኑሩ አሁንም የሚጎርሰው ከእቴቴ እጅ ነው፤ እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ።