ዳንቴል የለበሰው ቴሌቪዥን

ባሕር ዳር ያለው የእናቴ ቴሌቪዥን ቀሚስ አለው። ቀልዴን አይደለም። ያ ወፍራሙ ቴሌቪዥን በነበረን ዘመን እናቴ በኪሮሽ የሠራችውን ዳንቴል አናቱ ላይ ጣል ታደርግበት ነበር። ጠፍጣፋው ሲመጣ ግን ዳንቴል የሚያርፍበት አናት አልነበረውም። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን ይተወዋል። እናቴና ታናሽ እኅቴ ግን ክረምቱን ሙሉ ተቀምጠው፣ ልኩን እየለኩ፣ ፊቱን ክፍት ትተው እንደ ሸሚዝ ሠሩለት። ካለበሱት በኋላም ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ እንዳይገባበት ብለው ጀርባውን ሰፉት። ከታች ለመብራቱና ለዲሹ ገመድ ብቻ ጠባብ ክፍተት ተዉ። ለበዓል መጥቼ ሳየው በሣቅ ፈረስሁ፤ ነገሩም በዚያው አለፈ።

ከዚያ እኅቴ ልታገባ ሆነ። ሠርጉ የተደገሰው ጎርጎራ፣ በአባታችን ዘመዶች ግቢ ነበር። ድንኳኑ ሊተከል ሲል እናቴ ከደጃችን ደረጃ ላይ ወደቀችና እግሯ ተሰበረ። ሐኪሙ በጀሶ ጠቅልሎ መንገድ የሚባል ነገር ከለከላት። እኅቴ ሠርጉ ይቆየን ብላ አለቀሰች። ዐቢይ ጾም ደግሞ ደርሷል፤ እሱ ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም።

“ጠላው ተጠምቆ? ሰው ተጠርቶ? እኔ ጎረቤት አለኝ፤ ሂዱ!” ብላ እናቴ ሁላችንንም አባረረችን።

ሠርጉ አማረ። ወዲያው ጾሙ ገባና መልሱ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። አባቴ የተዋስነውን ዕቃ ለመመለስ እዚያው ቀረ፤ እኔ የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ይዤ ባሕር ዳር ገባሁ። እናቴ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ትጠብቀኛለች። ማን መጣ፣ ምን ተበላ አላለችም።

“ስትወጣ የማንን ጉልበት ሳመች?” አለችኝ።

ምን ልበላት? ሙሽራዋ ስትወጣ እኔ የመጠጥ ኃላፊ ሆኜ ጓዳ ውስጥ ከጠላ ጋን ጋር ስታገል ነበር። አላየሁም።

“ልጄ የኔን ጉልበት ሳትስም፣ ሳልመርቃት ሄደች” አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በስልክ መርቂያት ብላት “ደግሞ ምርቃት በስልክ!” ብላ ተቆጣችኝ። ከስብራቱ ይልቅ ይኼ እንዳመማት ገባኝ፤ አንጀቴን በላችው።

“ሁሉም ፍላሹ ውስጥ አለ፤ አሁን ታይዋለሽ” አልኋት።

ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገባሁ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ዳንቴሉ ሥር ናቸው። እጄን በታች በኩል ሰድጄ እየዳበስሁ አንዱን ብሞክር የኤችዲኤምአይ ሆነ፤ ሌላውን ብሞክር የኢንተርኔት ገመድ መሰኪያ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

“መቀስ የት አለ?” አልሁ።

“መቀስ? የልጄን የእጅ ሥራ? መቀስ ከነካውማ ተተርትሮ ያልቃል!”

“እንግዲያው ሠርጉን በምን ልታይ ነው?”

“ወዲህ አምጣው። መርፌና ክርም አቀብለኝ።”

ቴሌቪዥኑን ትራስ ላይ በግንባሩ ደፍቼ ጭኗ ላይ አስቀመጥሁላት። እሷ በመርፌ ጫፍ የዳንቴሉን ዓይን ፈልቀቅ ታደርጋለች፤ ከዚያ እንደ ቁልፍ ማስገቢያ ዙሪያውን ትዘመዝማለች። የፍላሹን በቢጫ ክር ጨረሰች። አለቀ ብዬ ስነሣ ጣቷን ወደ ጎን አሻገረች።

“ይኼስ የምንድን ነው?”

“የኤችዲኤምአይ። ኮምፒውተር ይሰካበታል። አሁን አያስፈልግም።”

“ይከፈትለት” አለችና ቀይ ክር አወጣች። “ያኛውስ?”

“የጆሮ ማዳመጫ። እማየ፣ ተይው!”

“ነገ ደግሞ መጥተህ መቀስ ልትል ነው።” ለእሱም አረንጓዴ ሆነለት።

እኔ ተነሥቼ ስቀመጥ ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ አዘቀዘቀች። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን ወደ ዝቅተኛው ጠረጴዛው መልሼ ፍላሹን ሰካሁ፤ እንደ ወጉ መጀመሪያ በግልባጩ።

እኅቴ በነጭ ቀሚሷ ብቅ አለች። የአባታችንን ጉልበት ሳመች፣ የሽማግሌዎቹን ሳመች። ሙሽራዋ በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆመችና ቪዲዮ ቀራጩን አየችው።

“ካሜራውን ዝቅ አርግልኝ። አሁንም ዝቅ… እዚያ ጋ። የእማየ ጉልበት እዚያ ጋ ነው።”

ከዚያ ተንበረከከችና ጎንበስ አለች፤ የተሾረበው ፀጉሯ ስክሪኑን ሞላው።

“ጠጋ አርገኝ! ጠጋ!” አለች እናቴ። ከነወንበሯ ገፋኋት። ጀሶውን ወደ ጎን ዘርግታ ደኅነኛውን ጉልበቷን ከስክሪኑ ጋር አገጣጠመችው።

“በዚህ በኩል ሳሚ፣ ልጄ፤ ያኛው ጀሶ ነው” አለቻት። ከዚያ መዳፏን ስክሪኑ ላይ፣ ከእኅቴ ፀጉር ላይ አድርጋ “ውለጂ፣ ክበጂ፣ ትዳርሽን ይባርክልሽ” እያለች ምርቃቱን ጀመረችው። እኔም ምርቃቱ ሳያልቅ እኅቴ እንዳትነሣ ብዬ ሪሞቱን አነሣሁና ቪዲዮውን አቆምሁት።