የሰናይት ላፕቶፕ

ባለቤቴ ሰናይት ካረፈች ሦስት ወሯ ነው። ለልጃችን ስትዘምርላት የቀረጸችው ቪዲዮ ላፕቶፗ ውስጥ ቀርቷል። የምትከፍትበትን ቁጥር አላውቀውም፤ እዚህ ኩዌት፣ ጀህራ ሰፈር ላለ አንድ አበሻ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወሰድኩት።

«በጣት አሻራ ካልተከፈተ ውስጡ ያለውን ሁሉ ማጥፋቴ ነው» አለኝ።

«የእሷ አሻራማ አሠሪዋ ማዳም ቤት ስታጸዳ በክሎሮክስ፣ በበረኪናው፣ አልቆ ነበር። የትኛውም ማሽን አያነበውም።»

«ታዲያ እዚህ ላይ የተመዘገበው የማን አሻራ ነው? እስቲ ያንተን ሞክር።»

አንድ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናችን ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ሰናይት አውራ ጣቴን ይዛ ደጋግማ ላፕቶፑ ላይ ስትጫነው፣ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጣቴን አሳረፍኩ፤ ተከፈተ።

«ወንድሜ፣ ቁልፉን ይዘህ ነው እንዴ ስትዞር የከረምከው?» አለኝ።

ቤት ገብቼ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳትና የእናቷን መዝሙር አሰማኋት።