ፍሬን ላይ የሰፋኋት ቁልፍ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ብልጭታ» ነበር የሚለው። አንድም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስለነበረ ነው፤ አንድም ገና በሠላሳ ዓመቱ ፀጉሩ ሸሽቶት፣ ፀሐይ ሲያርፍበት አናቱ ስለሚያብረቀርቅ ነው። ሲጠሩት አይከፋውም ነበር። «ከነአናቴ ነው የወደዱኝ» ይላል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሱን ጋራዥና የኔን የስፌት ክፍል አንድ ግድግዳ ነበር የሚለያቸው። እሱ ክላክስ ሲሞክር እኔ ደንግጬ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል፤ እኔ የስፌት ሞተሬን ሳስነሳ ደግሞ የሱ ሬዲዮ ይንጫጫል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ እየተበሻሸቅን ኖርን።

የሰው መኪና ሲያበራ የኖረ ሰው የራሱ መኪና አልነበረውም። ልጃችን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ትከሻው ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ ሙሽራ ስሆን በምን ትወስደኛለህ?» አለችው። «በራሴ መኪና ነዋ!» አላት። ለማለት ምን ቸገረው! እሷ ግን አልረሳችም፤ እሱም አልረሳም። ኋላ ሰው የጣላትን አንዲት አሮጌ መኪና አምጥቶ ጓሮ አቆመና ሰባት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ከሥሯ ገብቶ ይውል ጀመር። በሯን ከአንዱ፣ ፓራውልቷን ከሌላው እያለቃቀመ ሰው አደረጋት። ሰማያዊ ሲቀባት ቀለሙ አልበቃ ብሎ ጣራዋ ነጭ ሆኖ ቀረ። «ሆን ብዬ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ታዲያ ሠርጉ ቅዳሜ ሆነ። መኪናዋ ደግሞ ዓርብ ከስድስት ሰዓት በፊት ተመርምራ ማለፍ አለባት፤ ካላለፈች መንገድ አትወጣም። የሙሽራው ወገኖች «እኛ ደህና መኪና እንልካለን» ብለው ነበር። እሱ «ልጄን በሰው መኪና አልሸኝም» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ዓርብ በአንድ ሰዓት ተኩል በግድግዳው ጠራኝ። «አንቺ ሴትዮ! ነይና ከኋላ ቁሚልኝ!» የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ቁልፍ እየሰፋሁ ነበር። መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ፣ ክሬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ሥራዬ ቀላል ነው። እሱ ፍሬን ሲረግጥ ከኋላ ቀዩ መብራት ከበራ «በራ!» ማለት። ረገጠ።

«በራ?»

«አልበራም።»

«አሁንስ?»

«ኧረ የለም።»

«ጠጋ ብለሽ እዪ እንጂ!»

«መብራት ለማየት ምን መጠጋት ያስፈልጋል? ቁንጫ ነው እንዴ?»

ወረደ። አምፖሎቹን ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሳቸው፤ ደህና ናቸው። ፊውዙን አየ፤ እሱም ደህና ነው። ተመልሶ ገባ። «በራ?» «አልበራም!» «በራ?» «አልበራም አልኩህ!»

ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ የሚጠግነውን ጎማ ትቶ ብቅ አለ። የሱና የባለቤቴ ፍቅር በስድብ የቆመ ነበር።

«አንተ ብልጭታ፣ በራ ወይ በራ ወይ እያልክ ምን ታደነቁረናለህ? ኮፍያህን አውልቅና በመስታወት እይ! ከበራ ሃያ ዓመቱ!»

እኔ በሳቅ መሬት ልቀመጥ ምንም አልቀረኝ። በራ መብራቱም ነው፣ መላጣውም ነው፤ ከሩቅ ለሚሰማ አይለይም።

«አየር ሻጭ!» አለው ባለቤቴ ከውስጥ። «ሂድ ጎማህን ንፋ!»

ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ሦስትም አለፈ። የኋላውን ሽቦ ባለፈው ሳምንት የዘረጋው ራሱ ነውና ጥፋቱ ከዚያ አይወጣም ብሎ ወንበር ፈታ፣ ምንጣፍ ገለጠ፣ ሽቦውን ክንድ በክንድ ዳሰሰ። ምንም የለም። ቀልዱ እየቀነሰ ሄደ። ልጃችን ፀጉሯን በሻሽ እንደጠቀለለች በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

«አባዬ፣ ግድ የለህም፤ እነሱ ይላኩ።»

የገለጠውን ምንጣፍ እንደገና ይገልጥ ጀመር። ያኔ ነው የደነገጥኩት። ያ ሰው ቀልድ ሲያልቅበት አይቼው አላውቅም።

አራት ሰዓት ላይ መሞከሪያ አምፖሉን ይዞ ከመሪው ሥር ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ። ትንሽ ቆይቶ «ያዝኩት!» አለ። «ኤሌክትሪኩ እስከ ፔዳሉ ይመጣል፣ ከዚያ ግን አያልፍም! እዚህ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። ፔዳሉ ሲጫናት ትጠፋለች፣ ፍሬን ሲረገጥ ይለቃትና ታበራለች። እሷ ናት አልለቅ ያለችው!»

ትንሽ ማብሪያ ሲል ረቡዕ ትዝ አለኝ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እሱ ለሠርጉ ወንበር ሊያመጣ እንደሄደ በጓሮ ሳልፍ ማንም በሌለባት መኪና ቀዩ መብራት ቦግ ብሎ አየሁ። ባትሪው ማለቁ ነው ብዬ ገባሁና ፔዳሉን ወዲህ ወዲያ ስነካካ ብቅ ያለች ነገር ጣቴን ነካችኝ። ስጫናት መብራቱ ጠፋ፣ ስለቃት በራ። መቼስ ጣቴን እዚያ ትቼ አልሄድ! ልብስ ሰፊ ምን ታደርጋለች? በክር አሰርኳት። ሦስት ዙር፣ ድርብ ቋጠሮ። ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ቀሚሱ መጣ፣ እንግዳው መጣ፣ እኔም ረሳሁት።

«የምን ክር ነው ይሄ?» አለ ከሥር።

ኪሴ ያለውን ክር በመዳፌ ሸፈንኩ።

«ነጭ ክር… ድርብ ቋጠሮ…» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን ቋጠሮ አውቀዋለሁ! የሱሪዬን ቁልፍ የያዘው ቋጠሮ ነው!»

«ባትሪህ እንዳያልቅ ብዬ ነው!»

እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር። ንዴት መስሎኝ ወደ ኋላ አልኩ። ለካ ሳቅ ነው! ጎሚስታው ከማዶ «ምን ተገኘ?» ቢለው፣ «ሚስቴ ፍሬኑን ሰፍታዋለች!» አለው። ጎሚስታው ጎማው ላይ ዘፍ አለ።

ክሩ ሲቆረጥ መብራቱ በራ። «በራ!» ብዬ ዘለልኩ። ግን መጥፋት እንቢ አለ። ፔዳሉ ላይ ቀዳዳ አለች፤ እሷን የምትደፍን ፕላስቲክ ተሰብራ ወድቃ ኖሮ ማብሪያዋ በቀዳዳው ሾልካ ትወጣለች፣ የሚጫናት የለም። ለካ ረቡዕ የበራውም በዚሁ ነው። ፕላስቲኳን ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ለመዞር ጊዜ የለም።

«ቁልፍ!» አለ እጁን ዘርግቶ።

የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠሁት።

«የልብስ ቁልፍ፣ አንቺ ሴትዮ! የልብስ!»

ከሙሽራዋ ቀሚስ የተረፈች አንዲት ነጭ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ወፍራም፣ ጠንካራ። «ውጣ» አልኩት። «ይሄ የኔ ሥራ ነው።» ከመሪው ሥር ጭንቅላቴን ቀበርኩና ክሩን በፔዳሉ ቀዳዳና በጠርዙ እያዞርኩ ቁልፏን ጥብቅ አድርጌ ሰፋኋት። እሱ ማጣበቂያ ጠብ አደረገባት።

«በራ?» «በራ!» «ጠፋ?» «ጠፋ!» ልጄም ትጮኻለች፣ ጎሚስታውም ይጮኻል። መንገደኛ ቆሞ ያየናል።

ምርመራው ቦታ ስንደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ተራችን ሲደርስ ስድስት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። መርማሪው ፊቱን የቋጠረ ሰውዬ ነው። ጎማ አየ፣ ፍሬቻ አየ፣ ከኋላ መጥቶ ቆመ። ሙቀቱ ይሁን ምን፣ ኮፍያውን አወለቀ። አናቱ ቁርጥ የባለቤቴን!

«ፍሬን ርገጥ» አለ።

ረገጠ። እኔ ከሰውዬው ጀርባ ቆሜ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለምዶብኝ፣ ባለ በሌለ ድምፄ «በራ!» አልኩ።

ቀስ ብሎ ዞረ። ተሰላፊው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ወረቀታችን እጁ ላይ ነው።

«ኧረ መብራቱን ነው ጌታዬ!» አልኩ። «መብራቱን!»

አናቱን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። «እትዬ» አለኝ፣ «ሁለቱም በርተዋል።» ማኅተሙን ወረቀቱ ላይ ቸብ!

ቅዳሜ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ በሰማያዊዋ ከፊት ነዳ። እኔ ከጎሚስታው ጋር በሰው መኪና ከኋላ ተከተልኩ። ቀጥ ባለ መንገድ፣ ከፊቱ ማንም ሳይኖር ፍሬን ነካ ነካ ያደርጋል። እኔ እንደማይ ያውቃላ።

እሱ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። መኪናዋን ልጄ ትነዳታለች፤ ቁልፏም እዚያው ናት፣ ለማንም መካኒክ አላስነካቻትም። እሑድ መጥታኝ ስትሄድ መታጠፊያው ጋ ከመድረሷ በፊት ሁለቴ ፍሬን ትረግጣለች። እኔም ደጃፌ ላይ ቆሜ እንደዱሮዬ «በራ!» ብዬ እጮኻለሁ። ያ ጎሚስታ ከማዶ በርጩማው ላይ ሆኖ ኮፍያውን ያወልቃል። የሱም ፀጉር አልቋል።

«አንቺ» ይለኛል፣ «እኔን ነው?»