ያደረ መርዶ

ይሄን ስሙኝማ፣ ከዛ የፈለጋችሁትን በሉ።

ኮሌጅ ያቋረጥኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ሲቪ ይዤ ስዞር ሁሉም ቢሮ «ዲግሪህስ?» ይላል፤ «ኮድ ትችላለህ ወይ?» ያለኝ የለም። ሰለቸኝ። ቀጣሪ ገደል ይግባ ብዬ፣ የካ ሚካኤል ጀርባ ቤታችን ተቀምጬ ለእድራችን ፕሮግራም ሠራሁ። ሰው ሲሞት አንዴ ትጫናለህ፣ ለአባሉ ሁሉ በስልኩ መልእክት ይደርሰዋል። ሰፈሩ በጣም ወደደው። ጡሩምባ ነፊያችንን አሰናበቱትና ካራ ሰፈር ያለው ልጁ ጋ ገባ።

አንድ ጠዋት የእድሩ ዳኛ መጣ። «እዛ ላይ ጫካው ጥግ ያሉት እትዬ አርፈዋል። ቀብር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በል።»

እኚህ ሴትዮ የሰው ቀብር ቀርተው አያውቁም፤ ጉልበታቸው እምቢ ሲል እንኳ ዱላ ይዘው ይወርዱ ነበር። መልእክቱን ላክኩ። ኮምፒውተሩ «ተልኳል» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቄሱን ጨምሮ ስድስት ሰው ነበርን። ባህር ዛፉ እንኳ ዝም ብሏል።

«ሕዝቡ የታለ?» አለ ዳኛው።

«ተልኳል ይላል፣ ጋሼ።»

ልጃቸው በሩን በሩን ታያለች። ትንሽ እንጠብቅ ብላ ቄሱን ለመነች። ጠበቅን። ማንም አልመጣም፣ ቀበርናቸው። ስልኬን ያየሁት ያኔ ነው፤ መስመር የለም። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ተቆርጧል። መድረሱን ሳያጣራ «ተልኳል» እንዲል አድርጌ የጻፍኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ተቀጥሬ ቢሆን አለቃዬ ላይ አላክክ ነበር።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የትናንቱ መልእክት ገብቶ የሰፈሩ ስልክ ሁሉ አንዴ ጮኸ። ወዲያው መስመሩ እንደገና ጠፋ፤ ደውለህ አታስተባብል።

ዘጠኝ ሰዓት ግቢው ጥቁር በጥቁር ሆነ። ሬሳ የለም፣ የሚያለቅስም የለም። አፈሩ ገና እርጥብ ነው፣ ሰዉ ከቦት ቆሟል። አንዷ ሴትዮ ነገሩን ስነግራት «አንተ ልጅ፣ አንድ ሰው ስንቴ ነው የምትገለው?» አለችኝ።

ልጃቸውም ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ስልኳን አሳየችኝ፤ እሷም ጋ ደርሷል።

«እናቴ ዛሬ ነው እንዴ የምትቀበረው?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

 

የኔን ጥፋት እኔ ቤቷ ድረስ ሄጄ ተናግሬያለሁ። እናንተ ሳትነግሩን የስልክ መስመሩን የቆረጣችሁትስ፣ ከመሃላችሁ ያንን ዳገት ወጥቶ ለዛች ልጅ የሚመልስላት ማነው?