የሙሽራው ውክልና

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ማንበብና መጻፍ ያወቅሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክንም ማንም ሳያሳየኝ እየፈታሁ እየገጠምኩ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከላንቻ እስከ ካሳንቺስ መኪናው አልነሳ ያለው ሁሉ የሚፈልገው እኔን ነበር። ትዳሬንም ባለቤቴን እስክቀብር ድረስ ያለ አስተማሪ መርቻለሁ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ልጄ ቀለበት ካሰረች በኋላ «አባዬ፣ የጋብቻ ትምህርት ሳንማር ሰርግ የለም» ስትለኝ ደሜ ፈላ።

«ትዳር መንጃ ፈቃድ ነው እንዴ፣ ስልጠና የሚያስፈልገው?»

«አንተማ ያለ መንጃ ፈቃድ ስንት ዓመት እንደነዳህ እናውቃለን» ብላ ሳቀችብኝ።

ትምህርቱ የሚሰጠው ቂርቆስ አካባቢ ባለ አዳራሽ ውስጥ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። እጮኛሞች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይማራሉ። የልጄ እጮኛ ግን፣ ስታዲየም አካባቢ ሱቅ ያለው ነጋዴ፣ የመጀመሪያውን ቅዳሜ ቀረ። የሚቀጥለውንም ቀረ። ከዚያ ለእኔ ደወለ።

«አባባ፣ ቅዳሜ ገበያ ነው። ማለቴ፣ እርስዎ ይቀመጡልኝ። ውክልናውን ሰጥቼዎታለሁ፣ በቃ!»

ይህ ሰው ሁሉን በወኪል ነው የሚጨርሰው። መኪናውን ወኪል ይሸጥለታል፣ ፍርድ ቤት ወኪል ይቆምለታል። ተናደድኩ፤ ነገር ግን ስለ ትዳር ከእኔ የተሻለ ማን ይመልሳል? ከረባቴን አሥሬ ሄድኩ።

አስተማሪዋ በልጄ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ሽበቴን አይታ «የሙሽሪት አባት ነዎት?» አለችኝ።

«ዛሬ ሙሽራው ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ፋዘር፣ ሚዜ ልሁንሎት?» አለ። ዞሬ ገላመጥኩት።

ሙሽሮቹ በየተራ ይጠየቁ ጀመር። እኔ ጋ ሲደርስ አስተማሪዋ «ሚስትዎ ከሥራ አምሽታ፣ ዝናብ ጥሎ ታክሲ ብታጣ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«ይሄም ጥያቄ ሆኖ ነው? ጃንጥላዬን ይዤ እሄድላታለሁ!»

«ብትታመምስ?»

«አጥሚት እሠራላታለሁ። የዚች ልጄ እናት ስትታመም ማን የሠራላት መሰለሽ?»

ተጨበጨበልኝ። ኮርቼ ወደ ልጄ ብዞር ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ?»

«እሱ እንዲህ አይመልስም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ምን ይላል?»

«አላውቅም። ሳመሽም ስታመምም የመጣኸው አንተ ነህ። እሱ አንድ ቀን መጥቶ አያውቅም።»

ደጅ ወጥቼ ደወልኩለት።

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ራስህ ትመጣለህ።»

«አባባ፣ ድንኳኑ ተይዟል፣ የጥሪ ካርዱ ተበትኗል። አሁን ትምህርት ምን ያደርጋል?»

«ውክልናህን ሽሬዋለሁ!»

ሳቀ። ስልኩን ዘጋሁበት።

በቅዳሜው ልጄ አጠገቧ ያለውን ወንበር ማንም እንዳይወስድባት በእጇ ይዛ ጠበቀችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሰውዬው አልመጣም፤ ስልክም አልደወለም። ትምህርቱ ሲያልቅ ወጣች፤ ቀለበቱን አውልቃለች።

«ስጪኝ፣ እኔ ወስጄ ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ» አልኳት።

«አይሆንም። ራሴ ነኝ የምወስድለት» አለችና ብቻዋን ወደ ስታዲየም አቀናች።

ዘመዶቹ እስከ ዛሬ ካሳንቺስ ላይ ሲያገኙኝ «ሰርግ አፍራሹ መጣ» ይላሉ። ይበሉ! ያንን ትምህርት እኔ ባስተምረው በአንድ ቅዳሜ እጨርሰው ነበር፤ ያም ሆኖ አስተማሪዋን ዛሬ በክፉ አላነሳትም። እነሱን ግን እጠይቃቸዋለሁ፦ ወንበሩን ሞላሁለት፤ ቤቱንስ ማን እንዲሞላለት ነበር ያሰባችሁት?