ሪሞቱ ከነጠላዬ ሥር

ከአዲስ አበባ ላሊበላ ድረስ ሁለት ቀን ሙሉ ቴሌቪዥን ታቅፌ መጣሁ። የአውቶቡሱ ረዳት "ጣራ ላይ እንጫነው" ቢለኝ፣ "ከፈለግህ እኔን ጫነኝ እንጂ እሱን አትነካውም" ብዬ ተጣላሁት። ወልድያን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ደስታዬ ግን አልዛለም። ኢንተርኔት የሚሠራ ቴሌቪዥን ነዋ! እዚሁ ላሊበላ በምሠራበት ሆቴል እንኳ ያኔ አልነበረም።

እስከዚያ ድረስ እኛን የሚያዘን አሮጌው ቴሌቪዥናችን ነበር። ዜና ሁለት ሰዓት ላይ ነው ካለ ሁለት ሰዓት ላይ እንሰበሰባለን፤ የግድቡን መዝሙር ደጋግሞ ሲያሰማን እንሰማለን፤ በእናቴ ድራማ ቀን መብራት ከጠፋ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እናቴ ታኮርፋለች። አዲሱን ከስልኬ ዳታ ጋር አገናኝቼ ያመለጣትን ክፍል ሳወጣላት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

"ያለፈው ነው? ያለፈው ሳምንት?"

"አዎ እማዬ።"

"አበስኩ ገበርኩ! እና ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ?"

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላት! ጎረቤት ስትሸኝ "አቁሚልኝ"፣ ሽሮው ሊገነፍል ሲል "አቁሚልኝ" ሆነ።

እኔ ግን የገዛሁት ለእናቴ ድራማ አልነበረም፤ ለአባቴ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቤታችን ቁልቁል ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ባንዱ ዜማ ሲመሩ ኖረው፣ በዚያ ክረምት ደረጃው አዳልጧቸው እግራቸው ተሰበረ። አጥንቱስ ገጠመ። ሐኪሙ ግን "በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይቁሙ፤ ካልቆሙ እንደተቀመጡ ይቀራሉ" ብሎ አስጠነቀቀን። አባቴ ፈሩ። ፈራሁ ማለት ስለማይሆንላቸው ደግሞ ተቆጡ። ለመንናቸው፣ አለቀስንባቸው፣ ተማሪዎቻቸውን ላክንባቸው፤ ወይ ፍንክች! ከመደብ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መደብ በሰው ሸክም ሆነ ኑሯቸው። በጣም ያሳዝኑኝ ነበር። እሳቸው ወደ ቅዳሴው መሄድ ካልቻሉ ቅዳሴው ይምጣላቸው አልኩ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ የቅዳሴ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው።

"ይሄ አሁን እየተቀደሰ ነው?"

"የለም አባቴ፣ የተቀረጸ ነው።"

"ያለቀ ቅዳሴ!" አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ጆሯቸው ግን አልዞረም። ትንሽ ቆይተው ዲያቆኑን ማረም ጀመሩ፤ "ቸኮለ፣ ቸኮለ! ማን አባረረው?" አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅሁ። ሰው ሲያርሙ ከሰማኋቸው ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር!

ወንጌል ሊነበብ ሲል እንደ ወጉ ተነሣሁ። ከኋላዬ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰምቼ ዞር ብል፣ አባቴ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆመዋል። ቆመዋል! ማንም አልደገፋቸውም። ካህን ወንጌል ሲያነብ ተቀምጠው አያውቁም፤ ሰውነታቸው ፍርሃታቸውን ቀድሞት ተነሣ።

ጥቂት እንደተነበበ ቄሱ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀጥ አሉ። ኔትወርክ! መሐል ላይ ያቺ ክብ ምልክት መሽከርከር ጀመረች።

"አባቴ፣ እስኪመለስ ይቀመጡ" አልኳቸው ደንግጬ።

"ወንጌል ሳያልቅ?" ብለው አፈጠጡብኝ። "አንቺም እንዳትቀመጪ!"

ቆምን። ቄሱ እኛን ያያሉ፣ እኛ ቄሱን እናያለን። መጀመሪያ ኔትወርኩ ቶሎ እንዲመጣ ጸለይኩ። ከዚያ የአባቴን እግር አየሁ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ይዟል። ያን ጊዜ ጸሎቴን ገለበጥኩት፤ አምላኬ ሆይ፣ እባክህ ትንሽ አቆየው! ኔትወርክ እንዳይመጣ የተሳልኩት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

እናቴ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ቄሱን ወንጌል እንደያዙ አየች። ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን አስተካክላ ከኋላችን ቆመች። አባቴን ልብ ያለቻቸው ከዚያ በኋላ ነው። እልል ልትል አፏን ከፈተችና፣ ወንጌል መሆኑ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። በመጨረሻ ክቧ ጠፋች፣ ንባቡ አለቀ፣ አባቴም ላብ በላብ ሆነው ተቀመጡ።

በማግስቱ ራሳቸው "ወንጌሉን ክፈቺልኝ" አሉኝ። ክፋቱ፣ የዚያን ቀን ኔትወርኩ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ምን ላድርግ? ሪሞቱን ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ቪዲዮውን መሐል ላይ አቆምኩትና "ሄደ ደግሞ ይሄ ኔትወርክ!" አልኩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያስረዘምኩ ብዙ ሳምንት ዋሸሁ፤ እሳቸውም ቀስ በቀስ መቋሚያቸውን ይዘው ቤት ውስጥ መራመድ ጀመሩ። ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው፤ ስግደቱ ግን አልቀረልኝም።

አንድ እሑድ እንደ ልማዴ ተጫንኩት። ቄሱ ቀጥ አሉ። አባቴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሡ፣

"ልጄ፣ ክቧ ካልተሽከረከረች ኔትወርክ አልሄደም። ይህን ካወቅሁ ሰነበትኩ" አሉኝ።

ፊቴ ጋለ።

"አሁን ልቀቂው። የሚመጣውን እሑድ እታች ወርጄ ነው የምሰማው።"

ሪሞቱን ከነጠላዬ ሥር አውጥቼ በግልጽ ተጫንኩት።