ከስርጉት በቀር የማትታለብ ላም

ስርጉት ከጭልጋ ለሰሊጥ አጨዳ ብላ ወርዳ እዚሁ መተማ ዮሐንስ የቀረች ሴት ናት። እኔ፣ አየሁሽ የምባለው፣ አጥር ተጋሪዋ ነበርኩ። የትናንቱ ይጠፋኛል እንጂ የሷ ሳቅ እስካሁን አለ። የጭነት መኪኖች ተራ ከሚጠብቁበት ጀርባ አንዲት ላም ይዛ ወተት ትሸጥ ነበር። ላሚቱ ከድንበር ማዶ፣ ከገላባት የመጣች የሱዳን ላም ናት፤ ሸጊት ትላታለች። ሸጊት ሌላ እጅ ሲነካት ወተቷን ቋጥራ ትቆማለች። ስለዚህ ስርጉት የትም አትሄድም። እናቷ ስትሞት እንኳ ማለዳ ላሟን አልባ ወጥታ፣ አፈር አልብሳ፣ ለማታው አለባ ተመልሳለች።

ሚሊኒየሙ በከበረበት ዓመት ምስጋና የሚባል የእንስሳት ሐኪም መጣ። በከተማ ታስረው የሚውሉ ከብቶች እንዴት እንደሚኖሩ ያጠናል። ገመዱን ይለካል፣ ጥላ አላቸው ወይ ይላል፣ ልባቸውን ያደምጣል። ማዳመጫውን ሸጊት ደረት ላይ ሲያደርግ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቀ።

«ምን አለችህ?» አለች ስርጉት።

«ሙቀቱ አስጨነቀኝ፣ ገመዴም አጠረ ትላለች።»

«ለኔማ ተናግራ አታውቅ! በል እኔንም ስማኝ። እኔም ከሷው ጋር ነው የታሰርኩት።»

«እኔ እኮ የከብት ሐኪም ነኝ፣ እትዬ ስርጉት።»

«ታዲያ እኔ ከላም በምን ተለየሁ? ዘመድ አልጠይቅ፣ ንግሥ አልሄድ!»

እየሳቀ ደረቷ ላይ አደረገው። ከዚያ መሳቁን ተወ። ቦታ ቀየረ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሲተኙ ትንፋሽ ያጥርዎታል?»

«ተቀምጬ ነው የማድረው። ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ አይመስለኝም። ምንነቱን እኔ ልነግርዎ አልችልም። ጎንደር ይሂዱ፤ ልብን በምስል የሚያዩበት መሣሪያ አለ።»

«ሸጊትን ማን ያልባታል?»

በመጣ ቁጥር ይጠይቃታል፤ መልሷ ያው ነው። ለላሚቱ ገመድ አስረዘመች፣ የሱዳኖቹን የሣር ጥላ፣ ራኩባ የሚሉትን፣ አሠራችላት። ለራሷ ምንም። እግሯ አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ከጓሮ እስከ በር ስትደርስ አጥሩን ይዛ ትቆማለች።

በልጅነቴ፣ አላቢዋ አራስ ስትሆን ሌላዋ የሷን ልብስ ለብሳ ስታልብ አይ ነበር። ስርጉትም ስታልብ የምትጠቀለልበት የሱዳን ቶብ አላት፤ ወተትና እበት የጠገበ።

«ቶብሽን ስጪኝ» አልኳት።

«እርስዎን? በአንድ እርግጫ ገላባት ነው የምታሻግርዎ!»

እውነቷን ነው፤ መጀመሪያ ረገጠችኝ። በማግስቱ ጆጉን ደፋችው። ስርጉት ራኩባው ጥግ ተቀምጣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቃለች። እኔ አልተውኩም። አንድ ጠዋት ጥጃዋ ጥቂት እንዲጠባ ለቅቄ ስጠጋ፣ ሸጊት አንገቷን አዙራ ቶቡን አሸተተችና ወተቱን ለቀቀችው። ደስ ብሎኝ ዞር ብል ስርጉት አትስቅም። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰጠችዎ?»

«ሰጠችኝ! እንግዲህ ነገ መኪና ትሳፈሪያለሽ።»

«ምነው እምቢ ባለችዎ» አለች ቀስ ብላ። «ታላቅ እህቴን እንዲሁ ትንፋሽ አጥሯት ጎንደር ወሰድናት። አስከሬኗን ነው ያመጣነው። ሸጊት እምቢ እስካለች ድረስ ላለመሄዴ ለሰው የምለው ሰበብ ነበረኝ።»

አብሬሽ ልሂድ እንዳልላት፣ ላሚቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ማለቤን ቀጠልኩ።

«ነገ አይሁን» አለች፤ «ከነገ ወዲያ።»

ምስጋና አሳፈራት። አውቶቡሱ እስኪነቃነቅ መስኮቱን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ጎንደር ሐኪሞቹ በመሣሪያው አይተው፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ ከልብሽ በሮች አንዱ ጠቧል አሏት። በየቀኑ ክኒን፣ በየወሩ መርፌ። ቆላው አይበጅሽም ስላሏትም ጭልጋ ወንድሟ ዘንድ ተቀመጠች። ወተቱን እየሸጥኩ ለመድኃኒቷ ገንዘብ የምልክላት እኔ ሆንኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሸጊትን እያለብኩ ሳለ፣ ስንሻው የሚባለው የአውቶቡስ ሹፌር ከአጥሩ በላይ ጠራኝ።

«እትዬ አየሁሽ! ስርጉት ደህና ናት። ተጋድሜ መተኛት ጀመርኩ በላቸው ብላለች። መቼ መጥተው ያዩኛል ትላለች።»

«እሰይ! ሸጊት ስትነጥፍ እመጣለሁ በላት።»

«መቼ ነው እሱ?»

ሸጊት ጆሮዋን አቁማ የሱን ድምፅ ታዳምጥ ነበር። ወተቱን እንዳትቋጥርብኝ ፈርቼ፣ ሂድ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።